ማቴዎስ ሌኒንግራድ ትቶት የመጣው ጥርስ

ዛሬ ሐይቅ ዳር ዓሣ እየበላን፣ ጓደኛዬ ማቴዎስ ለልጅ ልጆቹ «እኔ እኮ የሌኒንግራድን ቤተ መንግሥት ጎብኝቻለሁ» ሲላቸው ዓሣው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

በደርግ ጊዜ ከአዋሳ ለትራክተር ጥገና ሥልጠና አብረን ሶቪየት ኅብረት ተልከን ነበር። አንድ የእረፍት ቀን ቤተ መንግሥቱን ልናይ ወጣን።

ማቴዎስ ረጅም ሰልፍ አየና «ይኸው ደረስን» አለኝ። በረዶ ላይ ተሰለፍን። ሩሲያኛችን ገና ከሰላምታ አላለፈም።

ተራችን ደርሶ ስንገባ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ማቴዎስን ወንበር ላይ አስቀምጣ አፉን እንዲከፍት በእጇ አሳየችው።

«ቤተ መንግሥት ለመግባት ጥርስም ይፈተሻል እንዴ?» አለኝ።

«እንግዳ ስለሆንን ይሆናል፤ ዝም ብለህ ክፈት» አልኩት።

ጥርስ ሐኪም ዘንድ መግባታችን የገባን መንጋጋ ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ ነው። (ለነገሩ ከአዋሳ ጀምሮ ሲያመው ነበር።)

ቤተ መንግሥቱ ጋ ስንደርስ ተዘግቷል። ማቴዎስ ጉንጩ እንዳበጠ በሩ ላይ ፎቶ ተነሣ።

ዛሬ ይህን ሁሉ ስናገር ትንሿ የልጅ ልጁ አያቷን አየት አድርጋ፣ «አባባ፣ ታዲያ ምኑን ጎበኙ?» አለችው።

«በሩን» አለ፣ ዓሣውን እየፈለቀቀ።

እናንተስ አንዱን ልታዩ ወጥታችሁ ሌላ ቤት የገባችሁበት ቀን የለም? እስቲ አጫውቱን።