መቅሊት ጎተንበርግ የዋለችበት ቀን

መቅሊት የአውሮፕላን ትኬቱን የቆረጠችው ኩላሊት እጥበት ላይ ተጋድማ፣ በቀኝ እጇ አውራ ጣት ብቻ ስልኳን እየነካካች ነበር። ግራ ክንዷ ላይ መርፌዎቹ ተሰክተው ደሟ በቱቦ ወደ ማሽኑ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ክፍያው ማለፉን ስታይ ስልኩን ደረቷ ላይ ደፍታ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

የማሽኑ ባለሙያ ሠርካለም ግፊቷን አይታ ጠጋ አለች።

"ምን ሆነሻል? ግፊትሽ ወጥቷል።"

"ስዊድን ልሄድ ነው። ወንድሜን ላይ።"

"መቼ?"

"የፊታችን ቅዳሜ። ከዚህ ስነሳ በቀጥታ ወደ ኤርፖርት። ማክሰኞ ተመልሼ እዚሁ ወንበር ላይ ነኝ።"

ሠርካለም ጓንቷን እያወለቀች ትክ ብላ አየቻት። ይህ ማዕከል ውስጥ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን ነው የሚታጠበው፤ ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ያለው ክፍተት ከሁሉም ረጅሙ ነው። በሽተኞች የሚፈሩትም እሱን ነው።

"መቅሊትዬ፣ ፕሊስ። የተጠራቀመው ውሃ ሳንባሽ ላይ ቢወጣ አየር ላይ ማን ይደርስልሻል? እዚያም እኮ ማሽን አለ። አፖይንትመንት ይያዝልሽና ሳምንት ቆይተሽ ነይ።"

"እሱ ወራት ይፈጃል አሉኝ። ወራት የለኝም።"

ሠርካለም ስለ ሕይወቷ የተናገረች መሰላት። መቅሊት ግን የምታስበው ስለ ልጇ ነበር።

መቅሊት ወላጆቿ ኤርትራውያን ናቸው፤ ተወልዳ ያደገችው ግን አዲስ አበባ፣ ቄራ ነው። አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ከገባች ወዲህ ኦቴሎ ሰፈር ካለው አፓርታማዋ እየተነሳች ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ሾርላይን ድረስ እየተመላለሰች አረጋውያን ስትንከባከብ ኖራለች። አቅፋ ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። ባሏ ትቷት ሌላ ስቴት ሲገባ ልጇን ኖላዊትን ብቻዋን አሳድጋ ኮሌጅ አስገባች። እግሯ ሲያብጥ "ከመቆም ብዛት ነው" እያለች ስትሸፋፍነው ከርማ፣ አንድ ቀን ሥራ ላይ ወደቀች። ሐኪሞቹ ሁለቱም ኩላሊቶቿ አልቆላቸዋል አሏት። እናቷም ገና ሁሉም አዲስ አበባ ሳሉ በዚሁ በሽታ ነበር የሞቱት።

ነገሩን ያጣደፈው አንድ እሑድ ምሳ ላይ የሆነው ነው። ኖላዊት ሹካዋን አስቀምጣ፣ "ማሚ፣ አይም ጊቪንግ ዩ ማይን። አንዱን ኩላሊቴን ልሰጥሽ ነው። ሆስፒታሉን ኮል አድርጌ ጠይቄያለሁ" አለቻት።

መቅሊት ሳህኗን ገፋችው።

"ካንቺ ገላ የወጣ ነገር እኔ ውስጥ አይገባም! የእናቴ በሽታ እኔ ላይ መጣ። ነገ አንቺ ላይ ቢመጣ በምንሽ ልትኖሪ ነው? ገና ትወልጂ የለም እንዴ?"

"ሶ ሁ, ማሚ?" አለች ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። "ማን አለሽ ታዲያ?"

ማን አለሽ? መቅሊት እስኪመሽ ድረስ እቃ እያጠበችም፣ አልጋ እያነጠፈችም ይህን ጥያቄ ስትሰማ ዋለች። መልሱ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ተኪኤ።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የተነሳ ጊዜ እሷ ጅማ ኮሌጅ ነበረች። አባቷንና ገና ተማሪ የነበረውን ተኪኤን ከቤት ወስደው በአውቶቡስ ወደ አስመራ ሸኟቸው። እሷ ስትደርስ ቤቱ ታሽጎ ነበር። አባቷ እዚያው አረፉ። ተኪኤ በሱዳን፣ በበረሃና በባሕር አድርጎ ስዊድን ገባ፤ ጎተንበርግ በምትባለው የወደብ ከተማ ትራም ነጂ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት የተገናኙት በስልክ ብቻ ነው። በየበዓሉ ሲደውል "እታለም፣ ከተማዬን ሳላሳይሽ እንዳልሞት" ይላታል፤ እሷም ሥራ እያለች፣ የልጄ ትምህርት እያለች ስታራዝመው ኖረች።

ያን እለት ማታ ደወለችለት። የልመናውን ቃል አፏ ላይ አዘጋጅታ ነበር። "ልመጣ ነው" ከማለቷ ግን ተኪኤ ጮኸ፤ ስልኩ ውስጥ ወንበር ሲወድቅ ተሰማት።

"እውነትሽን ነው? ስንት ቀን?"

"አንድ ቀን ነው የማገኘው። ሥራ አለብኝ።"

"አንድ ቀን? አንድ ቀን ምን ይበቃል! ግድ የለም፣ ግድ የለም፣ አንቺ ብቻ ነይ። አንድ ቀን ለዚህች ከተማ ምን እንደሚበቃ እኔ አውቃለሁ።"

እንዲህ ደስ ካለው ሰው ላይ ኩላሊት እንዴት ይጠየቃል? ፊት ለፊት እነግረዋለሁ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ጎተንበርግ ስትደርስ እሑድ ነበር። ተኪኤ ኤርፖርቱ በር ላይ አበባ ይዞ ቆሟል። ያኔ የተለያት ልጅ ጺም የሌለው ቀጭን ነበር፤ የጠበቃት ሰው ግን ሽበት የጀመረው፣ ትከሻው የጎበጠ፣ የአባቷን ፊት የያዘ ጎልማሳ ነው። አቅፏት ሲንሰቀሰቅ እሷም አለቀሰች። ለቅሶዋ ግን ሙሉ አልነበረም። አንጀቷ ውስጥ አንድ ሌላ ሰው ተቀምጦ ወንድሟን ከእግር እስከ ራሱ ይመረምር ነበር። ጤነኛ ይመስላል? ፊቱ ጥሩ ነው? መቅሊት በዚያች ቅጽበት ራሷን ተጸየፈች።

ሰኞ በጠዋት ጀመሩ። ግንቦት ስለነበር ፀሐይዋ ቶሎ ወጥታለች፤ ዛፉ ሁሉ አብቧል። ተኪኤ ዕለቱን በልቡ ሸንሽኖ ጨርሶታል። ከቤቱ በራፍ ሰማያዊና ነጭ ትራም ተሳፍረው ወንዙን ተሻገሩ። ነጂዋ ተኪኤን ስታይ ደወሏን አቃጨለችለት፤ እሱም በስዊድንኛ የሆነ ነገር ጮኾ ወደ መቅሊት አመለከተ።

"ምን አልካት?"

"እህቴ ከአሜሪካ እኔን ልታይ መጣች አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?"

መቅሊት ወደ መስኮቱ ዞረች።

መጀመሪያ የወሰዳት ወደ ዓሣ ገበያው ነው። ሕንጻው ከውጭ ሲያዩት ቤተ ክርስቲያን ይመስላል፤ ጣሪያው ሾጣጣ፣ መስኮቱ ቅስት። ውስጡ ግን በረዶ ላይ የተደረደረ ዓሣና ሽሪምፕ ነው። ተኪኤ በኮምጣጤና በጨው የተዘፈዘፈ ዓሣ አዘዘላት። ጨው ለእሷ መርዝ ነው፤ የሚያስጠማትን ውሃ ደግሞ መጠጣት አትችልም፣ የሚያወጣላት ኩላሊት የለምና። "ቅመሺ እንጂ!" ሲላት ግን ዓይኑ የልጅ ዓይን ሆኖባት በላች። ጥሙ ወዲያው ያዛት።

ቀጥሎ ሃጋ የሚሉት አሮጌ ሰፈር ገቡ፤ የድንጋይ መንገድ፣ ከታች ግንብ ከላይ እንጨት የሆኑ ቤቶች። እዚያ ሰው ሥራ አቋርጦ ቡናና ዳቦ ይዞ መቀመጡን ፊካ ይለዋል። ተኪኤ ሳህን የሚያህል የቀረፋ ዳቦ ከሁለት ትልልቅ ቡና ጋር አስመጣ።

"ይሄን ሳይበላ የሄደ ሰው ጎተንበርግን አየሁ አይበል" አላት። ከዳቦው ጫፍ ቆንጥሮ ቀመሰና ቀሪውን ወደ እሷ ገፋው። መቅሊት ከንፈሯን ቡናው ውስጥ እየነከረች የጠጣች መሰለች። አሁን ልንገረው? ጠረጴዛው ላይ እጇን ዘረጋች።

"ተኪኤ..."

"አባባ ይሄን ቢያይ!" አለ እሱ መንገዱን እያየ። "አስመራ እያለን ምን ይለኝ ነበር መሰለሽ? 'መቅሊት ብትታመም ማን ውሃ ያቀብላታል' ይል ነበር። አንቺ ግን ይኸው፣ ከሁላችን ጠንክረሽ ቆምሽ።"

የዘረጋችውን እጅ መለሰችው። ሽንት ቤት ገብታ በሩን ቆለፈችና ፎጣ አፏ ውስጥ ወትፋ አለቀሰች። ልጄን ላድን ብዬ ወንድሜን ላጎድል ነው? እሱ እምቢ ቢል እንኳ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ሊኖር ነው። እሺ ቢል ደግሞ ባንድ ኩላሊት፣ ብቻውን፣ በሰው አገር። የቱ ይሻላል? ፊቷን ታጥባ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ትራሙን እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ እስከ ባሕሩ ሄዱበት። ከዚያ ጀልባ ተሳፍረው ወደ ደሴቶቹ ተጓዙ። ለስላሳ ራቁት ድንጋዮች ከውሃው ብቅ ብለዋል፤ ነጫጭ ቤቶች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ተኪኤ የደሴቶቹን ስም እየጠራ ይቆጥርላታል። መቅሊት ትንፋሽ እያጠራት ነበር፤ ጫማዋ ጠብቧታል። ነገ በጠዋት አውሮፕላን ላይ ናት። እስካሁን ግን ምንም አልነገረችውም።

ከጀልባው ሲወርዱ ተንገዳገደች። ተኪኤ ዘሎ ግራ ክንዷን አፈፍ አደረገ። "ወይኔ!" አለች። እሱ ግን አለቀቃትም። መዳፉን በሹራቧ እጅጌ ላይ እንዳደረገ ደርቆ ቀረ።

"ምንድን ነው ይሄ? ክንድሽ ውስጥ የሆነ ነገር ይርገበገባል።"

"ምንም አይደል።"

"እንዴት ምንም አይደል? ትራም ከሩቅ ሲመጣ ሃዲዱ እንደዚህ ነው የሚያደርገው። እታለም፣ ምንድን ነው?"

መቅሊት ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች። ሐኪሞች ደም ስሯን ቀጣጥለው ያሳበጡት ቦታ እንደ ገመድ ተቋጥሯል፤ የመርፌው ጠባሳ ተደርድሮበታል።

"ኩላሊቴ ሞቷል፣ ተኪኤ። በማሽን ነው የምኖረው። ናፍቀኸኝ ነው የመጣሁት ማለቴ ውሸት አይደለም፤ ግን ለእሱ ብቻ አልመጣሁም። አንዱን እንድትሰጠኝ ልለምንህ ነው። አንተ ካልሰጠኸኝ ልጄ ልትሰጠኝ ነው። ልጄን አስቁምልኝ፣ ወንድሜ። ሌላ ሰው የለኝም።"

ተኪኤ ቆሞ ባሕሩን አየ። ከዚያ አጠገቧ ተቀምጦ ቦርሳውን ከፈተና እንደ እስክሪብቶ ያለ ነገር አውጥቶ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠ። መቅሊት አረጋውያኑን ስትንከባከብ በየቀኑ የምታየው ነገር ነው። ኢንሱሊን።

"ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ነው" አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። "ዓይኔንም ጀምሮኛል፤ ትራሙን ሊያስተዉኝ ይችላሉ። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።"

ስኳር ያለበት ሰው መስጠት እንደማይችል መቅሊት ታውቃለች። ማዕከሉ ውስጥ መጀመሪያ የነገሯት እሱን ነው። ከአፏ የወጣው ግን ሳቅ ነበር፤ እንደ ሳል ያለ ደረቅ ሳቅ። ከዚያ ሳቁ ተገልብጦ እናቷ የሞቱ እለት ያልወጣላት ለቅሶ ሆነ። ሰዎች ከጀልባው ወርደው አጠገባቸው ሲያልፉ አንገታቸውን ደፉ።

"ይመርምሩኝ" አለ ተኪኤ እየጮኸ። "ነገ እሄዳለሁ! ሁለቱንም ይውሰዱት! እኔ ማን አለኝ?"

"ዝም በል። እኔ አለሁህ" አለችው። ቃሉ ከወጣ በኋላ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ለሁለቱም ተሰማቸው።

ጀልባው ጥሏቸው ሄደ። ቀጣዩ እስኪመጣ ድንጋዩ ላይ ተደጋግፈው ተቀመጡ። ተኪኤ "ሆስፒታል ልውሰድሽ" ቢላትም እምቢ አለች። ምን ያላየሁት ቀረ ብላ ጠየቀችው። ትልቅ መናፈሻ አለ አላት፤ ከኮረብታው ላይ ከተማው ሁሉ ይታያል። ኮረብታ የመውጣት አቅም አልነበራትም። ስለዚህ በጀልባው ተመልሰው ትራም ላይ ተቀምጠው ከዳር እስከ ዳር ሄዱ፣ ተመለሱም። እሱ ቦታ እየጠቆመ ያስረዳል፤ እሷ እየሰማች እጁን ይዛለች።

ሲያትል ስትደርስ ኖላዊት ኤርፖርት ውስጥ ዊልቼር ይዛ ጠበቀቻት። መቅሊት መንገዱን ሙሉ ትንፋሿን እየቆጠበች፣ ልትተኛ ስትል ውሃ ውስጥ የገባች እየመሰላት እየባነነች ነበር የመጣችው። ልጅቷ ከኤርፖርት በቀጥታ ወደ ማዕከሉ ወሰደቻት። ሠርካለም ፊቷን ስታይ አልተቆጣችም፤ ኦክስጅን አድርጋላት መርፌውን ሰካች። ማሽኑ ውሃውን ከሰውነቷ ሲጎትተው እግሯን ቁርጠት ይዟት አቃሰተች።

ተኪኤ እንዳለው በነጋታው ሄዶ ኖሯል። እዚያ ያለችው ሐኪም ምርመራ እንኳ ሳትጀምር መዝገቡን አይታ እምቢ እንዳለችው በስልክ ነገራት። ከዚያ ወዲህ መቅሊት በምትታጠብባቸው ቀናት ሁሉ ይደውላል። አንዳንዴ ትራሙ መጨረሻ ፌርማታ ላይ ቆሞ ሲያርፍ ነው፤ ብዙም የሚሉት የላቸውም። መቅሊት የሞቱ ሰዎችን ኩላሊት ከሚጠብቁት መሐል ተመዝግባለች። ተራው ግን ዓመታት ነው አሏት።

ጥቅምት ገብቶ የሲያትል ዝናብ ሲጀምር፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ኖላዊት ከኮሌጅ መጥታ ወንበሯ አጠገብ ተቀመጠች።

"አጎትሽ አይችልም" አለቻት መቅሊት። እስከዚያ ቀን ደብቃት ነበር።

"አይ ኖው። እኔንም ኮል አድርጎ ነግሮኛል። ሲያለቅስ ነበር።" ልጅቷ የእናቷን ቀኝ እጅ ያዘች። "ሆስፒታሉ ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላሽ ነይ አለኝ። ሲሞላኝ እመጣለሁ። ኖ ብትዪም እመጣለሁ።"

መቅሊት አፏን ከፈተች። እምቢ የሚለው ቃል ሁልጊዜ ዝግጁ ነበር፤ ዛሬ ግን ዘገየ። ልጇን አየቻት፤ ጤነኛ ፊቷን፣ ሙሉ ጉንጯን። መኖር ፈለገች። ምን ያህል እንደፈለገች ስታውቅ ደነገጠች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እንባዋን ለቀቀችው። ክንዷን ሳታስበው አንቀሳቅሳው ስለነበር ማሽኑ መጮህ ጀመረ።

ሠርካለም መጥታ ጩኸቱን አጠፋችው። ከዚያ ክንዷን ቀስ ብላ አቃናችላት።