ሂንድ የት ትፈርማለች?

በሐይቅ ከተማ ስለ ቁመት ወሬ ከተነሳ የኑርዬ ቤት ሳይጠቀስ አይታለፍም። ኑርዬ ዓሣ ነጋዴ ነው፤ ከአጥማጆቹ ተረክቦ ደሴ ላሉ ምግብ ቤቶች ያደርሳል። ገበያ መካከል ሲቆም ቆቡ ከሰው ሁሉ በላይ ይታያል። ልጁ ሂንድ ገና አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት ትከሻ ለትከሻ ገጠመችው፤ በአሥራ ሰባቷ አለፈችው። እናቷ አሚናት «ይችን ልጅ የሚያገባት መሰላል ይዞ ይምጣ» እያለች ትስቅ ነበር፤ ሳቋ ውስጥ ግን ትንሽ ስጋት አይጠፋም።

ያን ቁመት ከሁሉ በፊት የወደደው የስፖርት መምህሯ ባዬ ነው። መምህር ባዬ የአሮጌ በርሜል አፍ አስቆርጦ፣ በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አስመትቶ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ አቁሞ ነበር። ሂንድ ቅርጫት ኳስ የተማረችው በዚያ ነው። ትምህርቷን እንደጨረሰች አዲስ አበባ ያለ አንድ የመሥሪያ ቤት ክለብ ወሰዳት። ከዚያ ወዲያ ሐይቅ ልጇን የምታያት ለዒድ ብቻ ሆነ።

በአገራችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሰው ተጋፍቶ የሚያየው ነገር አይደለም። ለሚያውቁት ግን «ረዥሟ ሂንድ» ማለት ይበቃ ነበር። ጥቁር ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ቅርጫቱ ሥር ከቆመች፣ ከላይ የወረደ ኳስ የእሷ ነው። ክለቧ ዋንጫ በበላባቸው ዓመታት ሁሉ አምበል ነበረች፤ ለብሔራዊ ቡድንም ተጫውታለች። ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ሜዳ ላይ ነች። ተጠባባቂ ወንበር ምን እንደሚመስል አታውቅም።

እንዲህ እንዲህ ሲል ሠላሳ ሰባት ዓመት ሞላት። ግራ ጉልበቷ ጠዋት ጠዋት ከእሷ ዘግይቶ መነሳት ጀመረ። ሰኔ ላይ ውሏ ሲያልቅ ክለቡ ደግሶ፣ ኬክ አስቆርሶ፣ በፍሬም የተገጠመ የምስጋና ወረቀት ሰጣት። ሥራ አስኪያጁ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ንግግሩ ውስጥ ሁሉም ነገር «ነበረች» እየተባለ ሲነገር ሂንድ ነገሩ ገባት። አጨበጨበች፤ አመሰገነች፤ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ሐይቅ ተሳፈረች።

ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ የአምባሰልን ተራሮች ከእይታ ሰውሯቸዋል። መጀመሪያ ላይ እንቅልፏን ብቻ ተኛች። ከዚያ ስልኩ መጮህ ጀመረ። የሐዋሳ አሰልጣኝ ደወለ፤ የሁለት ዓመት ውል፣ የአምበልነት ማዕረግ፣ የሚከፈልለት ቤት። «አንቺ እኮ እንደ ድሮሽ ነሽ፤ ምንም አልተለወጥሽም» አላት። ከአዲስ አበባም ድሮ ስታሸንፈው የኖረችው ክለብ ደወለ፤ እሱም ያንኑ አለ።

ወሬው ከተማው ውስጥ እንደገባ ሐይቅ ሥራ አገኘች። ወንድሟ ሀሚድ ከሐይቅ ደሴ ሚኒባስ ይነዳል። በእሱ መኪና ውስጥ ሂንድ ደሴ እስኪደረስ ድረስ ሦስት ቦታ ትፈርም ነበር።

«ሐዋሳ ነው የምትሄደው» ይላል አንዱ። «እዚያም ሐይቅ አለ፣ አይከፋትም።»

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ ብዙ ለሚከፍላት ትፈርም» ይላል ሌላው።

ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ሴትዮ ደግሞ ዱባይ እንደምትሄድ ከራሷ ከሂንድ አፍ እንደሰማች ትምላለች። ሀሚድ መሪውን ይዞ ያዳምጣል። ማታ ቤት ሲገባ ግን የሰማውን አንድ ሳያስቀር ያወራዋል፤ ሂንድም ፍርስ ብላ ትስቃለች።

አሚናት አትስቅም። «ከእንግዲህ ወዲያ ቤትሽ ተሰብሰቢ» ትላለች። ኑርዬ ምንም አይልም። ልጁ ኳስ ስትጫወት አንድም ቀን ሄዶ አይቷት አያውቅም። «ዓሣ አያሳድርም» ነበር መልሱ ሁልጊዜ። እውነቱን ነው፤ ዓሣ የያዘ ሰው ውሎ አድሮ የሚመለስበት መንገድ የለውም። ሂንድ ግን አባቷ ነገሩን ከቁም ነገር ስላልቆጠረው ይመስላት ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከኮምቦልቻ አንድ ሰው ጃንጥላ ይዞ መጣ። ዝናው ይባላል፤ ከእሷ በዕድሜ የሚያንስ፣ ዓመት ያልሞላው አዲስ ቡድን አሰልጣኝ ነው። አሚናት የተጠበሰ ዓሣ አቀረበች። ዝናው ጥሩ አድርጎ በላ፤ እጁን ታጠበና ወደ ጉዳዩ ገባ።

«እትዬ ሂንድ፣ ሌሎቹ ምን እንዳሉሽ አላውቅም። እኔ ግን ቋሚ አድርጌ አላሰልፍሽም።»

ሂንድ የዓሣውን አጥንት ሰሃኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። «ምን አልከኝ?»

«ባለፈው ዓመት የተጫወትሻቸውን አይቻለሁ። ከእረፍት በኋላ ጉልበትሽ ይከዳሻል። ስለዚህ ሦስቱን ሩብ ተቀምጠሽ ታያለሽ፤ የመጨረሻውን ትገቢያለሽ። ልጆቼ ፈጣኖች ናቸው፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ግን ይደነግጣሉ። ያን ጊዜ የማይደነግጥ ሰው ነው የቸገረኝ።»

አሚናት ከበሩ ላይ ሆና፣ «ለመቀመጥማ ቤቷ ምን አላት?» አለች።

ሂንድ እንግዳውን እስከ በር ሸኘችው። ፊቷ ጠቁሯል። በማግስቱ ጠዋት ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው መንገድ ሮጠች። ሁልጊዜ ሴት ከማያልፍበት ደጅ ደርሳ ነበር የምትመለሰው። ያን ቀን በንዴት ስለሮጠች መንገዱን ሳታጋምስ ጉልበቷ አበጠ። ውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ያዘችው።

የሐዋሳው ሰው «እንደ ድሮሽ ነሽ» ሲላት ደስ ብሏት ነበር። አሁን ግን ያን ቃል እውነት ለማድረግ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ መሮጥ እንዳለባት ታያት። እያነከሰች፣ ማነከሷን እየደበቀች። ከደወሉት ሁሉ ስለ ጉልበቷ ያነሳ አንድም አልነበረም፤ ያ ጃንጥላ ይዞ የመጣው ልጅ ብቻ ነው። ንዴቷ በረደ። የቀረው ፍርሃት ነበር፤ አንዴ ከተቀመጥኩ ደግሜ ባልነሳስ የሚል።

እያዘገመች ስትመለስ አባቷን ከጀልባዎቹ ዘንድ አገኘችው። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እየመረጠ ቅርጫት ውስጥ ይደረድራል። አጠገቡ ቆመች።

«አባዬ፣ አንተ ምንም አላልክም።»

«ስለ ምኑ?»

«የት እንደምፈርም።»

ኑርዬ ሥራውን ሳያቋርጥ፣ «እኔ ስለ ኳስ ምን አውቃለሁ» አለ። አንድ ዓሣ ደርድሮ ግን፣ «ሐዋሳ ሩቅ ነው» ሲል ጨመረ። «ዓሣው ይበላሽብኛል። ኮምቦልቻ ከሆነ ግን ጠዋት ደሴ አስረክቤ እደርሳለሁ።»

«የት ነው የምትደርሰው?»

«አንቺ ስትጫወቺ ነዋ» አለ፣ ልጁ እንዴት ይህን ትጠይቃለች በሚል ዓይን ቀና ብሎ እያያት።

ሂንድ ጎንበስ ብላ ቅርጫቱን በአንድ ወገን ያዘችለት፤ አብረው አንስተው የሀሚድ መኪና ላይ ጫኑት። ከዚያ ዝናው ዘንድ ደወለችና «አንድ ዓመት» አለችው። በሳምንቱ ኮምቦልቻ ወርዳ ፈረመች። ዱባይ ትሄዳለች ያሉት ሰዎች አፈሩ፤ ሐዋሳ ብለው የነበሩት ደግሞ «ልጅቷ ተሳስታለች» ብለው ለጥቂት ቀን ተቆጡላት።

ቡድኑ በሜዳው የመጀመሪያውን ጨዋታ ያደረገው ኅዳር ላይ ነው፤ ሲሚንቶው አዲስ በሆነ፣ ሦስት እርከን መቀመጫ ባለው ሜዳ። ሀሚድ የዚያን ቀን ሥራውን ትቶ ቤተሰቡን በሙሉ ጭኖ መጣ። ኑርዬ ዓሣውን አስረክቦ፣ ታጥቦ፣ ነጭ ኩታውን ለብሷል። ጡረታ የወጣው መምህር ባዬ ጨዋታውን እንዲያስረዳው ከጎኑ ተቀመጠ። አሚናት አልመጣም ስትል ሰንብታ ከሁሉ ቀድማ መኪናው ውስጥ የገባችው እሷ ናት።

ጨዋታው ተጀመረ። ሂንድ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወንበር ላይ ነች። የመጀመሪያው ሩብ አለቀ፤ ሂንድ እዚያው ነች። ሁለተኛው ተጋመሰ።

«ልጄ ምን አጥፍታ ነው?» አለ ኑርዬ።

«ምንም አላጠፋች፤ የአሰልጣኙ እቅድ ነው» አለ መምህር ባዬ።

«ሌሎቹ ሁሉ ሲጫወቱ እሷ ብቻዋን ትቀመጥ የሚል እቅድ?»

መምህር ባዬ ሊያስረዳው ሞከረ፤ ኑርዬ አልተዋጠለትም። የእረፍቱ ፊሽካ ሲነፋ ኩታውን አጣፍቶ በእርከኑ ወርዶ፣ ሜዳውን አቋርጦ፣ ዝናው ፊት ቆመ።

«አንተ ልጅ፣ ልጄን ለምን አስቀመጥክብኝ?»

ዝናው የያዘውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። «አባቴ፣ አስቀምጫት አይደለም፤ ለመጨረሻው አቆይቻት ነው።»

«እኔ የዓሣ ነጋዴ ነኝ። ለመጨረሻ የሚቆየው ገዢ ያጣው ነው።»

ተጫዋቾቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን አዞሩ። ሂንድ ፎጣውን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ አሚናት ከላይ ሆና የምታለቅስ መስሏት ደነገጠች። ሂንድ ፎጣውን ስታነሳ ግን እንባዋ የሳቅ ነበር።

«አባዬ፣ ወላሂ እገባለሁ። ሂድ ተቀመጥ።»

«ትገቢያለሽ?»

«እገባለሁ።»

ኑርዬ አሰልጣኙን አንዴ ገልመጥ አድርጎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሂንድ በዚያ ወንበር ላይ ያልጠበቀችውን ነገር አግኝታለች። ያን ሁሉ ዓመት ስትጫወት ጨዋታ አይታ አታውቅም፤ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ ሰው ስትገፋ፣ ሰው ሲገፋት ነው ያለፈው። አሁን ቁጭ ብላ ስታየው ያምራል። ማርያማዊት የምትባለው አጭሯ ልጅ ኳሱን እያነጠረች በሰው መሀል ሾልካ ስትወጣ ሂንድ ሳታስበው ከወንበሯ ብድግ ትላለች። ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ በጩኸት ድምጿ ሰልሏል።

ዝናው በእጁ ጠራት። ቡድኑ በሰባት ነጥብ እየተመራ ነበር። የመጀመሪያ ኳሷ ብረቱን ነክታ ወጣች፤ ላይ ከተመልካቹ መሀል ኑርዬ ቆሞ እንደቀረ አየችው። ሁለተኛዋን አስገባች። ሦስተኛዋን ስትቀበል ሁለት ሰው ተጠመጠመባት፤ ዞር ሳትል ለማርያማዊት ሰጠቻት፤ ልጅቷ ብቻዋን ገብታ አስቆጠረች። ሂንድ ብዙ አልሮጠችም። ኳሱ ወደሚመጣበት ቀድማ ትሄዳለች፣ ደርሳ ትጠብቃለች። ጉልበቷም ሦስት ሩብ ስላረፈ አላስቸገራትም።

ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው እኩል ነበሩ። ማርያማዊት ላይ ጥፋት ተሠራና ሁለት የቅጣት ኳስ ተሰጣት። ልጅቷ ኳሱን ደጋግማ አነጠረች፤ ወደ ቅርጫቱ ግን ቀና አላለችም። ሂንድ ጠጋ ብላ ሻሿን እያስተካከለች፣ «አብሽሪ» አለቻት። «ብትስቺም ከላይ የሚወርደው የኔ ነው።»

ማርያማዊት ሁለቱንም አስገባች።

ሰው ሲበተን ኑርዬ ወርዶ ልጁን ከእግር እስከ ራሷ አያት። «ደከመሽ?» አላት።

«አልደከመኝም» አለች። ከጨዋታ በኋላ ይህን ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት የሆነው ያን ቀን ነው።

አሚናት ዝናውን ፈልጋ አገኘችውና ሐሙስ ሐሙስ ልምምድ ስለሌለ ልጇ ሐይቅ እየመጣች እንድታድር አስፈቀደች። ሂንድም እንዲያ አደረገች። ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ በወንድሟ መኪና ሐይቅ፤ ማታ ከእናቷ ጋር፣ ጠዋት ከአባቷ ጋር ጀልባዎቹ ዘንድ። አሰልጣኙ እንዳለው አንድ ጊዜም ከመጨረሻው ሩብ በፊት አልገባችም።

ቡድኑ ያን ዓመት አራተኛ ወጣ፤ ለአዲስ ቡድን መልካም ነው። ሰኔ ላይ ዝናው አዲስ ውል ይዞ መጣ። ሂንድ ወረቀቱን አነበበችና ብዕሩን ሳታነሳ አየችው።

«ከሦስተኛው ሩብ አጋማሽ ጀምሮስ?»

«አይሆንም፣ እትዬ ሂንድ።»

«ሁለት ደቂቃ ቀደም ብሎስ?»

«አይሆንም።»

«እሺ» አለችና ፈረመች።