የአምባው የመጨረሻ ፊውዝ

ባሌ አምባው መኪና ሲበላሽበት አይቸኩልም። እኔን ደግሞ እግዜር ሲፈጥረኝ ትግስት የሚባለውን ረስቶታል። ይህን ያህል ዘመን አብረን እንዴት እንደኖርን እንጃ!

በወጣትነቱ አብደራፊ የትራክተር ረዳት ነበር። አንድ ሾፌር ፊውዝ ቢቃጠልበት በሚስማር ተክቶ ትራክተሩ ከነጫነው ሰሊጥ ነደደ። አምባው እጁ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው። ኋላ ሽንፋ ላይ አሮጌ ላንድክሩዘር ገዛና ሰውና ሰሊጥ ማመላለስ ያዘ። ሽቦዋን ራሱ ይፈታል፣ ራሱ ይቀጥላል፤ ፊውዝ በሽቦ መተካት ግን እርሙ ነው።

ዘንድሮ በሰሊጥ አጨዳ ልጃችንን ብሌንን ማሳ ላይ እባብ ነደፋት። እግሯ ወዲያው አበጠ። ያየቻት ነርስ መድኃኒቱ ሸሕዲ ነው ያለው፣ ሳይመሽ አድርሷት አለችን። ሲመሽ ደግሞ በዚያ መንገድ ሽፍታ ፈርቶ ማንም አይነዳም። ከመኪናዋ የኋላ ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግተን አስተኛናትና ወጣን።

ገና ብዙ ሳንርቅ ሞተሩ ጠፋ። አምባው የተቃጠለውን ፊውዝ ነቅሎ ሌላ ተካ። ጥቂት ሄደን፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ እንደገና ድርግም። ኪሱን ዳበሰ። አንድ ፊውዝ ብቻ ቀርቶታል።

ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ብሌን ታቃስታለች፣ እብጠቱ ጉልበቷን አልፏል። የእግር እሳት ሆነብኝ። ከዕቃ ሳጥኑ ወፍራም ሽቦ መዝዤ አፍንጫው ሥር ደቀንኩበት።

«ይህን አስገባበትና ንዳ!»

«ሽቦው የት ላይ ብረት እንደሚነካ ሳላውቅ አላስገባም።»

«ልጄ እየሞተች ነው እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

«የኔም ልጅ ናት፣ ባንችዬ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

በዚያ ሰዓት ተረት! በድንጋይ ብለው ደስ ባለኝ። እሱ ግን ሽቦውን ተቀብሎኝ ገደል ወረወረውና አምፑል አወጣ። ያችን አሮጌ መኪና ስንት ባለሙያ እንደነካካት ቆጥሮ የሚዘልቅ የለም፤ አንዱ የፍሬኑን መብራትና የሞተሩን ነዳጅ መክፈቻ በአንድ ፊውዝ አጋብቷቸዋል። የፍሬን መብራቱ ሽቦ ሲበላሽ ሞተሩም አብሮ ይጠፋል ማለት ነው። አምፑሉን በፊውዙ ቦታ አሰረና እኔን መሪው ጋ አስቀመጠኝ። ፍሬን ረግጬ አምፑሉን እንዳይ ነገረኝ፤ ቦግ ካለ ሽቦው ብረት ነክቷል፣ ደብዘዝ ካለ ለቋል።

ረገጥኩ። ቦግ አለ። አምባው ከመኪናው ሥር ገብቶ ሽቦ ይነቀንቃል፤ አምፑሉ ወይ ፍንክች! የኋላውን መብራት ፈታ፤ ያው ነው። ፀሐይዋ ዛፎቹ ላይ ደርሳለች። ፍሬኑን እንደረገጥኩ ድንግል ማርያምን እየተማጸንኩ እሱን እረግማለሁ።

ያኔ ብሌንን ሊያስመልሳት ወደ ላይ አላት። አምባው ሮጦ ሄዶ ብብቷን ይዞ ቀና አደረጋት። አምፑሉ ደበዘዘ።

«ለቀቀ!» ብዬ ጮህኩ።

መልሶ አስተኛት። ቦግ አለ። ዳግም አነሳት፤ ደበዘዘ። ያን ጊዜ አቅፎ መሬት ላይ አወረዳትና ፍራሹን ገለበጠው። የሰሊጥ ጆንያ በወለሉ ላይ ሲጎተት ኖሮ በዚያ የሚያልፈውን ሽቦ የፕላስቲክ ልብሱን ልጦታል። ሰው ሲተኛበት እርቃኑን የቀረው ሽቦ የወለሉን ብረት ይነካል። በዚያ ቦታ የፍራሹ ስፖንጅ የጣት ጫፍ ያህል ጠቁሯል፤ ልክ ከብሌን ወገብ ሥር። እኔ የደቀንኩት ሽቦ ቢገባ ኖሮ ምን ይነድ እንደነበር ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። ብሌን አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

አምባው የፍሬን መብራቱን መስመር ቆርጦ ጫፉን በናስትሮ ጠቀለለና የመጨረሻዋን ፊውዝ ሰካ። ብሌንን መልሰን አስተኛናት፤ ሞተሩ ተነሳ። እስከ ሸሕዲ ድረስ ፍሬን በነካ ቁጥር ትንፋሼን እውጣለሁ። አልጠፋም፤ ጀምበር ስትጠልቅ ደረስን።

ሐኪሙ መድኃኒቱን ሰጥቷት፣ በጊዜ ደርሳችኋል፣ ትተርፋለች አለን። አምባው ይህን ሲሰማ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። እጁን ዘረጋልኝ። ሽቦዬን ገደል የወረወረው እጅ። ጠባሳው ላይ ሳምኩት።