ኦቦ ዲንሳ ያልደገሙት ምርቃት

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ገመድ መጠቅለል ነበር። የቀልድ ጸሐፊ ተብዬ ተቀጥሬ፣ አዲስ ደብተርና ሦስት እስክሪብቶ ይዤ ስቱዲዮው ስገባ ጋሽ መርጋ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ጥግ ላይ የተከመረውን የኤሌክትሪክ ገመድ በአገጫቸው አመለከቱኝ። ያ ገመድ ቢዘረጋ ከነቀምቴ ተነሥቶ ጊምቢ ይደርስና ምሳውን በልቶ ይመለሳል።

«ጋሽ መርጋ፣ እኔ እኮ ጸሐፊ ነኝ» አልኳቸው።

«ጸሐፊ ሲሄድ ገመድ ይጠልፈዋል?»

«ይጠልፈዋል።»

«እንግዲያው ጠቅልል።»

ጋሽ መርጋ የስቱዲዮው ባለቤት፣ ፕሮዲዩሰር፣ ዳይሬክተርና ጥበቃ ነበሩ። ስቱዲዮው በከኒሳ ቀሴ በሚባለው የነቀምቴ ሰፈር ያለች ባለሁለት ክፍል ቤት ነች፤ ለብዙ ዓመት ሰርግ ስትቀርጽ የኖረች። ከከተማው ባለትዳር ግማሹ የተዳረው በጋሽ መርጋ ካሜራ ፊት ነው። ቪዲዮው እጁ እስኪገባ ግን የበኩር ልጁ ለሰርግ ይደርስ ነበር።

እኔንም ያገኙኝ ሰርግ ላይ ነው። ማይክ ይዤ ስቀልድ ካሜራማኑ ከሳቁ ብዛት ሙሽሮቹን ትቶ ጣሪያውን ቀረጸ። የሙሽራዋ ቤተሰቦች ተቆጡ፤ ጋሽ መርጋ ግን ስልኬን ጠየቁ። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ተከታታይ አስቂኝ ድራማ አዝዟቸው ነበርና።

ድራማው «ሦስት ጎማ» ይባል ነበር። አንድ ባጃጅ ነጂ የአስተማሪ ልጅ ይወድዳል፤ አባትየው ደግሞ ባጃጅ ውስጥ መቀመጥን እንኳ ይጠየፋል። አባቴ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ስለሆነ ስክሪፕቱን የምጽፈው በአማርኛ ነው። ተዋናዮቹ በኦሮምኛ ይጫወቱታል፤ መሃል ላይ እንደ ገበያችን ሁለቱን ይቀላቅላሉ። ቀልድ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር እንደ ከብት ነው፣ ወንዝ ላይ የሚቀር አይታጣም። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ተሰብስበን ጮክ ብለን እናነባለን። ያልሳቀ ሰው ምክንያቱን ይናገራል።

ጋሽ መርጋ ስቀው አያውቁም። ቀልዱ ጥሩ ከሆነ አፍንጫቸውን ያሻሉ። አንዴ ካሹ ትዕይንቱ ይቀረጻል፤ ሁለቴ ካሹ ሻይ ይጋብዙኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ሻይ ጠጥቻለሁ።

ዕቃዎቻችንን ሳስታውስ አሁንም ደስ ይለኛል። ብርሃን የምንመልስበት የአልሙኒየም ወረቀት የተለጠፈበት የቴሌቪዥን ካርቶን ነው። ማይክራፎኑ የታሰረው መጥረጊያ እንጨት ላይ ነው። ዝናብ ከጣለ ቆርቆሮው ድምፃችንን ስለሚውጠው ሥራ ይቆማል፤ የነቀምቴ ክረምት ደግሞ በእኔ ቆጠራ አሥራ አንድ ወር ነው። እስኪያባራ ካርታ እንጫወታለን፣ የተጣላን እንታረቃለን፣ የታረቅን እንጣላለን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥሩ ስቱዲዮ ገብቻለሁ። እንደዚያች ቆርቆሮ ያሳቀኝ የለም።

ባጃጅ ነጂውን የሚጫወተው ገመቹ በእውነትም ባጃጅ ነጂ ነበር፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። የአስተማሪውን ልጅ የምትጫወተው ሲፌን ገና ከኮሌጅ የወጣች ልጅ ነበረች። እኔ ሦስት ገጽ ሙሉ የደከምኩበትን ነገር አንድ ቅንድቧን አንሥታ ትጨርሰዋለች።

እሷን ለድራማው ለማግኘት አባቷን ማስፈቀድ ነበረብኝ። ኦቦ ተርፋሳ ወፍጮ ቤት አላቸው። ወፍጮው እየጮኸ ስለ ሥራው ስነግራቸው ቆዩና ሞተሩን አጠፉት።

«ያ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። «ሲፌን ትሥራ። ግን ስሟ የእኔም ስም ነው። በስሟ የሚሆነውን ነገር ሁሉ መጀመሪያ እኔ እሰማለሁ።»

«መጀመሪያ እርስዎ» አልኩ። ተጨባበጥን። እስከ ክርኔ ዱቄት ሆኜ ወጣሁ።

በሁለተኛው ዓመት የሽምግልናው ክፍል ደረሰ። ባጃጅ ነጂው ሽማግሌ ልኮ ልጅቷን ያስጠይቃል። በእኛ አገር ደንብ ሽማግሌዎች በማለዳ እርጥብ ሣር ይዘው ደጅ ይቆማሉ። ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። ነገሩ ሲሰምር ይመርቃሉ። የእኛ ተዋናዮች ሲመርቁ ግን የትራፊክ ቅጣት የሚያነቡ ይመስላሉ።

«እውነተኛ ሽማግሌ እናምጣ» አልኩ። ጋሽ መርጋ አፍንጫቸውን አሹ።

ከጉቶ ጊዳ ገጠር ኦቦ ዲንሳንና ሦስት ጓደኞቻቸውን ይዤ መጣሁ። ኦቦ ዲንሳ ያስታረቁት ሰው ቢሰለፍ ሁለት ስታዲየም ይሞላል። ማለዳውን ጄኔሬተር ስንጠግን አሳለፍነው። የማታ ፀሐይ በካሜራ ስትታይ ከጠዋቷ አትለይምና ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ቀረጻ ጀመርን። የቀረን ብርሃን ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ሽማግሌዎቹ ግሩም ነበሩ። አባትየውን የሚጫወተው ተዋናይ ገና «ምን እግር ጣላችሁ?» ከማለቱ ኦቦ ዲንሳ ተረትና ምሳሌ አዘነቡበት። ስክሪፕቱ ሦስት ጊዜ እንቢ በል የሚለው ሰውዬ በመጀመሪያው እሺ አለ። ምርቃቱ ላይ ሲደርሱ ግን ኦቦ ዲንሳ ቆም አሉ።

«የልጅቷ ስም ማነው?»

«ጫልቱ» አልኩ። የገጸ ባሕርይዋ ስም ነው።

«እዚህ የተቀመጠችዋን ነው የምልህ።»

«እሷ ሲፌን ነች። ግን በድራማው...»

«የሌለ ሰው አይመረቅም» አሉኝ። «ዋቃ ፊት፣ እግዜር ፊት ስም ፈጥሬ ልጥራ? የማን ልጅ ነች?»

«የተርፋሳ።»

«አባቷ ያውቃል?»

ፀሐይዋ ባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ ደርሳለች። የተወለድኩት እዚሁ ስለሆነ ልጅ ያለ አባቷ ዕውቀት እንደማትመረቅ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

«ያውቃሉ» አልኩ።

ኦቦ ዲንሳ መረቁ። ሲፌንን በስሟና በአባቷ ስም፣ ገመቹን በስሙና በአባቱ ስም እየጠሩ ቤታችሁ ይሙላ፣ ከብታችሁ ይርባ፣ ልጆቻችሁ እንደ ሰርዶ ይብዙ አሉ። በየመሃሉ ሁላችንም «አሜን» እንላለን፤ መጥረጊያ የያዘው የድምፅ ባለሙያ ሳይቀር። ገመቹም ሚስቱ ቤት መኖሯን ረስቶ ከሁላችን በላይ ጮክ ብሎ «አሜን» አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ባጃጅ በደጅ እየተንጣጣ አለፈ።

«ድምፁ ተበላሽቷል፤ ምርቃቱን እንድገመው» አሉ ጋሽ መርጋ።

ኦቦ ዲንሳ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ምርቃት ይደገማል? ዋቃ ጆሮው ደህና ነው።»

«ችግሩ የማይክራፎኑ ጆሮ ነው፣ ኦቦ።»

«እንግዲያው ማይክራፎኑን ሐኪም ቤት ውሰደው።»

ካሜራማኑ ይህንንም ቀርጾት ነበር። ጋሽ መርጋ አፍንጫቸውን ሦስት ጊዜ አሹ፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አድርገውት አያውቁም። በምዕራብ ኢትዮጵያ ከተቀረጸው ሳቅ ሁሉ የሚበልጠው በእጃችን ገብቷል። ከውስጡ አንድ ቃል አልጻፍኩም፤ «ደራሲ» ተብሎ የሚወጣው ስም ግን የእኔ ነበር።

ትራይፖዱን አጥፈን ሳንጨርስ ወሬው ወፍጮ ቤት ደረሰ። አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያይ የዋለው ጎረቤት ሁሉ በዚያ ቀን የሚፈጭ እህል ተገኘለት። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ልጅዎ በአራት ሽማግሌ ተመረቀች» ይሏቸዋል ኦቦ ተርፋሳን። ለማን እንደተመረቀችም ይነግሯቸዋል። የገመቹ ሚስት በበኩሏ ባሏን እራት አቅርባለት «ሁለተኛዋ የት ነው የምትተኛው?» ብላ ጠየቀችው።

በማግስቱ ሲፌን አልመጣችም። ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ነበር፤ ኦቦ ተርፋሳ እኔን ሲያዩ አስነሡት። የሚፈጭ እህል አልነበረም። ወፍጮ ባዶውን ሲዞር ድንጋዩ ድንጋዩን ይበላል፣ ባለወፍጮ ይህን ያውቃል። እሳቸው ግን ድምፄን ላለመስማት ድንጋያቸውን ማስበላት መረጡ። ድምፄ ሳይሰማ ከንፈሬን ጥቂት አንቀሳቅሼ ወጣሁ።

አራት ክፍል ቀርቶን ነበር። ያለ ሲፌን ጣቢያው አይቀበለንም፤ ካልተቀበለን ስቱዲዮው ወደ ሰርጉ ይመለሳል።

«ለአባቷ ቃል ሰጥተህ ነበር?» አሉኝ ጋሽ መርጋ።

«ሰጥቼ ነበር።»

«በገመዱ ብትቆይ ይሻልህ ነበር።»

ጉቶ ጊዳ ሄድኩ። ኦቦ ዲንሳ በቆሎ ማሳቸው ዳር ቆመው ሰሙኝ።

«ያውቃል አልከኝ» አሉ።

«ብርሃኑ ሊሄድብኝ ነበር፣ ኦቦ።»

«ለብርሃንህ ብለህ የእኔን ፊት አጠቆርክ። የሰውን ልጅ ያለ አባቷ የመረቀ ሽማግሌ ሆንኩ።» ቀጥለውም «ነገ በማለዳ እርጥብ ሣር ይዘህ ና። አንተ ግን አትናገርም» አሉኝ።

«ለምን?»

«ስትናገር ትጨምራለህ።»

ሦስት ማለዳ ኦቦ ተርፋሳ ደጅ ቆምን፤ እነሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሣር ይዤ። እኔ በእንቅልፌ እንኳ ዝም የማልል ሰው ነኝ። በመጀመሪያው ቀን በሩ አልተከፈተም። በሁለተኛው ቀን የሲፌን እናት አግዳሚ ወንበር አወጣች፤ ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም። በሦስተኛው ቀን ኦቦ ተርፋሳ ራሳቸው ወጡ።

«ተርፋሳ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ ዲንሳ። «ልጅህን ሳልጠይቅህ መረቅሁ።»

«አጥፊው ከኋላህ የቆመው ነው።»

«እሱም ነው። ሽማግሌው ግን እኔ ነኝ።»

ኦቦ ተርፋሳ ሣሬን አዩ፣ እኔን አዩ። «እንግዲያው ምርቃቱን አንሣ» አሉ።

«ምርቃት አይነሣም። ገመቹ ድርሻውን ከሚስቱ ጋር ይካፈላል። የሲፌን ድርሻ ይቆይላታል፤ የሷ ሰው ሲመጣ ያገኘዋል። የምርቃቱ ፊልም ግን ይጠፋል።»

ፊልሙ ሲባል አፌን ከፈትኩ። ኦቦ ዲንሳ ዘወር ሳይሉ በትራቸውን ወደ ኋላ ሰድደው ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ። ዘጋሁት።

ይኼኔ ሲፌን ከቤት ወጣች። «እኔንስ የጠየቀኝ አለ?» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «ስሜ ሲጠራ እዚያው ተቀምጬ ነበር። አባቴ አለማወቁን እኔ አውቃለሁ። አንተ ያውቃሉ ስትል ወደ እኔ ዞር እንኳ አላልክም።»

እውነቷን ነበር። «ይቅርታ፣ ሲፌን» አልኩ። ይህችን ኦቦ ዲንሳ ፈቀዱልኝ።

«እመለሳለሁ» አለች። «ከእንግዲህ ግን ስክሪፕቱን ከካሜራው በፊት እኔ አነበዋለሁ። ያልወደድኩት አይቀረጽም።»

አባቷ ጥቂት አይተዋት «ይሁን» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ሜሞሪ ካርዱንና ላፕቶፑን ይዘን ወፍጮ ቤት ሄድን። ጋሽ መርጋ ሊያጠፉት ሲሉ ኦቦ ተርፋሳ እጃቸውን ያዟቸው። «ቆይ። የሚጠፋውን ልየው።»

ኬሻ ላይ ተቀምጠው አዩ። ስማቸው ሲጠራ መንጋጋቸው ጠበቅ አለ። ገመቹ «አሜን» ሲል ራሳቸውን ነቀነቁ። ማይክራፎኑ ሐኪም ቤት ሲላክ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከኮታቸው ላይ ዱቄቱ ቦነነ። ዓይናቸውን ጠርገው «መልሰው» አሉ። መለስነው። እንደገና ሳቁ። እኔ በልቤ ፊልሙ ሳይጠፋ ይተርፋል ብዬ ተስፋ ማድረግ ጀመርኩ።

«በል አጥፋው» አሉ።

ጋሽ መርጋ ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፉት። ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ።

ያ ክፍል ሲተላለፍ ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው ይታያሉ፤ ወዲያው ቁጭ ብለው ይበላሉ። ተመልካቹ መሃል ላይ መብራት የጠፋበት መሰለው። የቀሩትን ክፍሎች በጊዜው አስረከብን። ሲፌን ሰኞ ሰኞ ስክሪፕቴን በቀይ እስክሪብቶ ታርሰው ነበር፤ ማመን ባልወድም ጽሑፌ እየተሻለ ሄደ። ዛሬ የራሷን ፕሮግራም ታዘጋጃለች። ኦቦ ዲንሳ አርፈዋል። ጋሽ መርጋ ጡረታ ወጥተው ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ስሄድ የጻፍኩትን አነብላቸውና አፍንጫቸውን እጠብቃለሁ።

እኔ ብዙ ጽፌ ብዙ ፕሮዲዩስ አድርጌያለሁ። ምርጡን ሥራዬን ያየው ተመልካች አንድ ባለወፍጮ ነው፤ እሱም ሁለት ጊዜ ስቆ አስጠፍቶታል፣ መብቱ ነበር። በሙያው ላላችሁ ወጣቶች የምለው አጭር ነው። የሰው እውነተኛ ስም ቀልዳችሁ ውስጥ ከገባ፣ ካሜራ ከመክፈታችሁ በፊት ባለስሙን ጠይቁ። ባለስሙ እንቢ ካለ ሌላ ጻፉ።