የጋሽ ሣህሌ ግራ እጅ

የካ ዳገቱ ላይ ባለው ደብር ጋሽ ሣህሌ ከበሮ አንግተው ሲወርቡ ያየ ሁሉ ዕድሜያቸውን ይረሳ ነበር። ቀኝ እጃቸው ሰፊውን ፊት ሲመታ ግራው በጠባቡ ይመልስለታል። ደም ግፊት እንዳለባቸው የሚያውቁት የቤት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ክኒናቸውን ጠዋት ጠዋት በውኃ ይውጡ ነበር። አምና ሁዳዴ ሲገባ ግን ተዉት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ያቺ ጉንጭ ውኃ ጾም መግደፍ መሰለቻቸው። ልጃቸው ማዕዶት፣ «አባዬ፣ የንስሐ አባትህን ጠይቅ እንጂ» ብትላቸው ሳቁባት።

«ለአንዲት ክኒን አባን ላስቸግር? ደግሞስ ምኔን አሞኝ!»

ጾሙ ሳይጋመስ፣ አንድ ማለዳ ለኪዳን ሊወጡ ጫማቸውን ሲያስሩ፣ ግራ እጃቸው ዝሎ ወደቀ። ስትሮክ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ እጃቸውን የምታሠራላቸው ወጣት ባለሙያ አስረዳቻቸው።

«ጡንቻው አልሞተም አባት። ሕዋሳቱ በሕይወት አሉ፤ ልብዎም ደም ይልክላቸዋል። ግፊቱ በርትቶ የፈነዳው አንጎል ውስጥ ያለ ቀጭን የደም ሥር ነው። ለእጅዎ ትእዛዝ የሚነሣው ከዚያ የአንጎል ክፍል ነበር።»

«እጄ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው በይኛ!»

«አዎ። እርስዎም ሳይሰለቹ ይዘዙት።»

የንስሐ አባታቸው አባ ተክለብርሃን ሊጠይቋቸው መጥተው ነገሩን ሲሰሙ አዘኑ።

«ሣህሌ፣ መድኃኒት ለታመመ ሰው እኮ አይከለከልም። በየቀኑ በደጄ ስታልፍ አንዲት ቃል ጠፋችህ?»

ጋሽ ሣህሌ ዓይናቸውን ወደ ግራ እጃቸው መለሱ። የጎዳቸው ጾሙ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባቸው። ለጾም ስግደት ወገባቸውን የሚያጎነብሱ ሰው፣ ለመጠየቅ ማጎንበስ ከብዷቸው ኖሯል።

ዓመት አለፈ። በእግዚአብሔር ቸርነት ይራመዳሉ፤ ሁለት ጣቶቻቸውም መታጠፍ ጀምረዋል። ለከበሮ ግን አይበቁም። ከበሮውን አሁን የሚያነግተው አብሯቸው ሲያገለግል የኖረው ልደቱ ነው።

ዘንድሮ በሁዳዴ ዋዜማ ልደቱን ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጦ አገኙት። እሱም ግፊት ተገኝቶበት ክኒን ታዞለታል።

«ጀመርከው?»

«ከፋሲካ በኋላ ጋሽዬ። ምን ሆንኩ፣ እንደ ፈረስ ብርቱ አይደለሁ እንዴ!»

«እኔም ፈረስ ነበርኩ። ተነሥ፣ አባ ዘንድ እንሂድ።»

«ለክኒን?»

«ለክኒን!» አሉና በደህናው እጃቸው ክንዱን ያዙት። ግራው ከነጠላው ሥር፣ ትእዛዙን እየጠበቀ፣ ተከተላቸው።