መተንፈሻ የሌለው ግንብ

ሮቤ ከተማ ውስጥ የድንጋይ አጥር ማሠራት የፈለገ ሰው ወዚርን ያስጠራል። ድንጋዩን ሁለቴ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ጥንካሬውን በድምፁ የሚለይ ሰው ነው። ዘንድሮ ስልሳ ሁለት ዓመት ሞላው። ወጣት ሳለ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሲናና ያለው የአባቱ ማሳ ለሦስት ወንድማማቾች አልበቃ ስላለ አዲስ አበባ ገብቶ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በግንበኝነት ኖሯል።

እዚያ መጨረሻ ላይ የሠራው በአንድ ወንዝ ዳር ያለ ገደል የሚደግፍ ግንብ ነበር። ከላይ አዲስ መንገድ ይወጣል፤ ከሥር የጭቃ ቤቶች ተደጋግፈው ቆመዋል። አፈር የሚደግፍ ግንብ መተንፈሻ እንደሚፈልግ ወዚር ያውቃል። በየቦታው ቧንቧ ተቀብሮ የዝናቡ ውሃ ካልወጣ፣ የረጠበው አፈር ከጀርባ ይገፋዋል። ፎርማኑ ግን «ቧንቧ አልመጣም፤ እናንተ ቀጥሉ» አለ። ወዚር ሁለት ቀን ደጋግሞ ጠየቀ። በሦስተኛው ቀን «ካልተስማማህ ግንበኛ ሞልቷል» ሲባል ድንጋዩን አንስቶ መገንባቱን ቀጠለ።

ያኔ ከሚስቱና ከልጁ ከሳቢሪን ጋር የሚኖረው ከዚያው ግንብ ሥር፣ በወይዘሮ ቀለሟ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር። በኋላ ሚስቱ ስትሞትና ጉልበቱ ሲደክም ወደ ሮቤ ተመለሰ። ሳቢሪን ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጥራ ስለነበር በክፍሏ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ክረምት በገባ ቁጥር ይደውልላታል። ገና «አከም ጂርታ» ብሎ ደህንነቷን ሳይጠይቅ ስለ ግንቡ ይጠይቃታል።

«ሆዱ አልተነፋም?»

«እንደቆመ ነው አባ።»

ባለፈው ሰኔ ግን «ትንሽ የተነፋ መሰለኝ» አለችው። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ወረዳ ጽሕፈት ቤት ያነጋገረው ወጣት ትሑት ነበር። በኮምፒውተሩ ላይ ካርታ አሳየው፤ የወንዙ ዳርቻ በሙሉ በቀይ ተቀብቷል።

«ጋሼ፣ ቦታው ለአደጋ የተጋለጠ መሆኑን እናውቃለን። ከተመዘገበ ሦስት ዓመት ሆኖታል።»

«ታዲያ ለምን አታነሷቸውም?»

«ባለይዞታዎቹ ምትክ ቤት ተራ እየጠበቁ ነው። ልጅዎ ግን ተከራይ ናት፤ ዝርዝሩ ውስጥ አትገባም።»

«ግንቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ውሃ መተንፈሻ የለውም።»

ወጣቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «በጽሑፍ ያመልክቱ» አለ። ወዚር አስጽፎ አስገባ፤ ሳምንት ሙሉ ቢመላለስም መልስ አላገኘም።

በመጨረሻ መሮና መዶሻ ገዝቶ ግንቡን በራሱ እጅ ይበሳው ጀመር። ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ቀይ ጭቃ ውሃ ፈንድቶ ወደ ግቢው ወረደ። ወይዘሮ ቀለሟ ወጡ።

«አቶ ወዚር፣ ቤቴን ረግረግ ሊያደርጉት ነው?»

«ውሃው ካልወጣ ግንቡ ይወድቃል፣ ወይዘሮ ቀለሟ።»

«ስንት ክረምት ያሳለፈ ግንብ ነው። አሁን እርስዎ በስተው ሊጥሉት ነው።»

ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ደንብ አስከባሪዎች መጥተው መሮውን ወሰዱበት። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አውቀዋለሁ» ሊላቸው ፈለገ። ለቢሮ ሠራተኛ የተናገረውን ከሥሩ ለሚተኙት ሰዎች መናገር አቃተው።

ሳቢሪንን አብራው ሮቤ እንድትገባ ለመናት። «ሮቤ ምን ሠርቼ እበላለሁ? እዚህም ሌላ ክፍል ብፈልግ ደሞዜን ይጨርሰዋል» አለችው። እውነቷን ስለነበር ብቻውን ተመለሰ።

ነሐሴ አጋማሽ፣ ሲናና ላይ አጥር ሲሠራ ስልኩ ጮኸ።

«አባ፣ ወደቀ።»

«አንቺስ?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«ወይዘሮ ቀለሟስ?»

«ቤት ነበሩ። ሰዎች እየቆፈሩ ነው።»

አልሐምዱሊላህ ሊል ከንፈሩን አላቀቀና ተወው።

አዲስ አበባ ሄዶ የወይዘሮ ቀለሟን ለቅሶ ሲደርስ ድንኳኑ ውስጥ የሟች እህት ወለተኢየሱስ እጁን ያዙት። «ነግረዋት ነበር አሉ። እግዜር ይስጥዎ» አሉት።

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አላቸው። «ያለ ቧንቧ መሆኑን እያወቅሁ።»

ስድብ ይጠብቅ ነበር፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ሴትየዋ እጁን ቀስ ብለው ለቀቁትና ወደ ሌሎቹ ለቀስተኞች ዞሩ።

ሳቢሪን ያገኘችው አዲስ ክፍል እዚያው ወንዝ ዳር፣ ጥቂት ወረድ ብሎ ነው፤ ለአቅሟ የተገኘው እሱ ብቻ ነበር። ወዚር የጎረቤቱን አባወራ «ወንዙ ሲሞላ እስከ የት ይመጣል?» ብሎ ጠየቀ። ሰውዬው ከሌላ ሰው ጋር የያዘውን ወሬ ሳያቋርጥ በክፍሏ ግድግዳ ላይ፣ ከሰው ወገብ ከፍ ብሎ የደረቀውን የጭቃ መስመር በእጁ አመለከተው።

ወዚር ከሰዓቱን ሁሉ ድንጋይ ሲለቅም ዋለ። ከልጁ አልጋ እግሮች ሥር ሁለት ሁለት ድንጋይ ደርቦ አልጋውን ከፍ አደረገላት፤ እንዳይነቃነቅም ደጋግሞ ፈተሸው። አልጋው ግን የጭቃው መስመር ላይ አልደረሰም። በማግስቱ ማለዳ ወደ ሮቤ ተሳፈረ።