ለራህማ የተጀመረው ሹራብ

ልጅ ሳለሁ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ መርካቶ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ ከእትዬ ዘሀራ ጋር ግድግዳ ተጋርተን እንኖር ነበር። እትዬ ዘሀራ ቀን ቀን ክር ይሸጣሉ፤ ከመግሪብ በኋላ ደግሞ የከሰል ምድጃቸውን አጠገባቸው አድርገው ከሽያጭ በተረፈው ክር ሹራብ ይሠራሉ። መብራት በጠፋ ቁጥር ኩራዝ ይለኮሳል፤ እኔም ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ እግራቸው ሥር እቀመጣለሁ። ያኔ ተረት ከክር የሚወጣ ይመስለኝ ነበር፤ እጃቸው ካልተንቀሳቀሰ አፋቸው አይከፈትማ።

ደንብ ነበራቸው። ጀርባውን፣ ደረቱንና እጅጌውን በሁለት ረጃጅም መርፌዎች ሲሠሩ ተረቱ ይረዝማል፤ መጨረሻው የሚነገረው ቁርጥራጮቹን በኪሮሽ ገጣጥመው ጠርዙን የሚዘጉ ዕለት ብቻ ነው። «ከዚያስ?» ብዬ ብነዘንዛቸው፣ «ኪሮሹን ስይዝ አልኩሽ እኮ! አንቺ ልጅ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብሽም» ይሉኛል።

በዚያ ክረምት የያዙት ሹራብ ገጠር ላለችው ታናሽ እህታቸው ለራህማ ነበር። ራህማ ከወለደች ወዲህ ብርድ ብርድ እያላት አልጋ ላይ ውላለች። ክንዷን ማንሳት ስላቃታት በአንገት የሚጠለቅ አይሆናትም፤ ስለዚህ ፊት ለፊቱ ክፍት፣ በቁልፍ የሚዘጋ አድርገው ጀመሩላት። ቅዳሜ ማታ ጨርሰው እሑድ በጠዋት ሊሳፈሩ ቆርጠዋል።

ተረቱ የአንዲት ልጅ ነበር። ውኃ ልትቀዳ ወጥታ መንገድ የጠፋትን ልጅ፣ ሽማግሌ መስሎ የመጣ ጅብ «ቤትሽ አደርስሻለሁ» ብሎ እጇን ይዞ ይወስዳታል። ዓርብ ማታ ያቆሙልኝ ዋሻው በር ላይ ነው። ልጅቷን እንደ እህቴ ወድጃታለሁ፤ እንደምትበላም አልተጠራጠርኩም። መጨረሻው ካልተነገረ ግን አትበላም ብዬ አሰብኩ። ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ዘሀራ ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ሲወጡ ወፍራሟን ኪሮሽ ከዘንቢላቸው አንስቼ ፍራሻችን ሥር ወሸቅኳት።

ማታ ዘንቢሉ ተገለበጠ፣ ምንጣፉ ተራገፈ። «ኧረ አሁን እዚሁ ነበረች!» ጎረቤት ቢዞሩ የተገኘችው ቀጭን የዳንቴል ኪሮሽ ናት፤ ወፍራሙን ክር መያዝ አቃታት። እናቴ፣ «እትዬ ዘሀራ፣ እንዲሁ ይሂዱ እንጂ። ዋናው እርስዎን ማየቷ ነው» አለቻቸው።

«ባዶ እጄን? ብርድ ለሚያንቀጠቅጣት ልጅ ምን ይዤ ልግባ?»

እሑድ ሱቁ ሁሉ ዝግ ሆነ። ያን ጊዜ አውጥቼ ብሰጣቸው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን ዱላውን ፈራሁ፤ ለተረቷ ልጅም ሳሳሁላት።

ሰኞ ሌላ ኪሮሽ ገዝተው ማታውኑ ጨረሱት፤ ልባቸው መንገድ ላይ ስለነበር ተረት አልነገሩም። ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ተሳፈሩ። ራህማ ግን ሰኞ ጠዋት ሞታ፣ በእስልምና ሬሳ አያድርምና፣ የዚያኑ ዕለት ተቀብራ ነበር። እትዬ ዘሀራ የደረሱት አፈሩ ላይ ነው።

ሲመለሱ ግቢው ሁሉ ሊያጽናናቸው መጣ። ሹራቡን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ለመጣው ሁሉ አንድ ነገር ይደጋግሙ ነበር፤ «እኔ ዝርክርኳ! ዕቃዬን የትም ጥዬ ለእህቴ ሳልደርስላት ቀረሁ።» እናቴ «አላህ ያለው ነው» ትላቸዋለች። እኔ ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ኪሮሻቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉ ጀመር፤ የግቢው ሰውም ይቀልድባቸዋል። ትምህርቴን ስጨርስ፣ ሳገባ፣ በኋላም ታመው ሳስታምማቸው፣ ዛሬስ እነግራቸዋለሁ እያልኩ እገባና ሻይ ጠጥቼ እወጣለሁ። ቁስላቸውን መቀስቀስ ምን ያደርጋል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እውነቱ ሌላ ነው፤ ፍቅራቸው እንዳይቀርብኝ ሰስቼ ነው። የሰባት ዓመቷን ልጅ ምናልባት ይቅር እላት ይሆናል። ባለ ትዳሯ ሴት ግን አፏን ዘግታ ስለመቀመጧ ምን ምክንያት ትሰጣለች?

ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ለቅሶው ላይ አንዲት ጎረቤት፣ «ምስኪን፣ በገዛ ዝርክርክነታቸው ለእህታቸው ሳይደርሱ ቀርተው እስከ ዕለተ ሞታቸው ተቃጠሉ» አለች። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም ነቀነቅኩ።